የጋራ ሳህን ይዋሻል፦ ብዙ ድመት ባለበት ቤት አንዱ በጠና ሲታመም

ቤታችን ውስጥ አራት ድመቶች አሉ። ስም ያወጡላቸው አባቴ ናቸው። የገጠር ሰው ስለሆኑ የከብት ስም ነው የሰጧቸው፦ ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ሻሼ። አራተኛዋ ገና ስም አልወጣላትም፤ ሁላችንም «ውሮ» እንላታለን።

እስካለፈው ኅዳር ድረስ አራቱም የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነበር። ከሥጋ ቤት ሳንባ ይገዛል፣ ያለ ጨው ይቀቀላል፣ ይከተፋል፣ ማታ ማድቤቱ በር ላይ ይቀመጥላቸዋል። ጠዋት ስነሳ ትሪው የታጠበ እስኪመስል ተልሶ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ሁሉም ደህና ናቸው እል ነበር። ቡሬማ ጭራሽ እየወፈረች መጣች። «ማሻአላህ፣ አማረባት» አለችኝ ጎረቤቴ። እኔም ደስ አለኝ።

የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት አንድ ማታ ዳልቻን ከወንበር ላነሳው እጄን ከሆዱ ስር ሰደድኩ። ቀለለኝ። የጀርባው አጥንት በጣቴ ስር እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ቡሬ የወፈረችው የሱን ድርሻ እየበላች ነው። እሱ ትሪው አጠገብ ይቀመጣል፣ ያሸታል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ከዚያ ዞሮ ይሄዳል። ሁሌ እዚያ ስለማየው የሚበላ መስሎኝ ነበር።

አንድ ድመት ብቻ ያለው ሰው ሳህኑ ሳይነካ ሲያድር ወዲያው ያውቃል። ሦስትና አራት ያለን ሰዎች ግን በሽታውን የምናየው ዘግይተን ነው። ከዚያ በኋላም ጥያቄው ብዙ ነው። የታመመው ማን ነው? ሕመሙ ለሌሎቹ ይተርፋል? ታክሞ ሲመለስስ ይቀበሉታል? ከዚያ ወዲህ ከእንስሳት ሐኪሞች የተማርኩትን፣ ያነበብኩትንና በራሴ ጥፋት የገባኝን በቀላል አማርኛ ላስረዳ።

መለየት ማለት ማባረር አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ድመት ግን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። አይጥ ታድናለች፤ እሷንም የሚያድናት አለ። ውጭ በሚኖር እንስሳ ዘንድ ድካምን ማሳየት ራስን ለጠላት ማሳየት ነው። ቤት ውስጥ ተሞላቅቃ ብታድግም ይህ አመሏ አይለቃትም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ስለዚህ እንደ ሰው ታቃስታለች ብለን መጠበቅ የለብንም። ምልክቱ ጥቃቅን ነው። አልጋው ላይ መዝለል ትታ ወንበር ላይ ትቀራለች። ፀጉሯን መላስ ትተዋለች፤ ጀርባዋ ላይ ፀጉሩ ይቆማል፣ ይጣበቃል። እንግዳ ሲመጣ ሮጣ የምትመጣው ዛሬ አልጋ ስር ናት። ስትዳብሳት ህርር ማለቷም ደህና ናት ማለት አይደለም፤ ድመት ሲያማትም ህርር ትላለች። «አፍንጫዋ ደርቋል፣ ታማለች» የሚባለውንም እርሱት። የጤነኛ ድመት አፍንጫም ፀሐይ ስትሞቅ ይደርቃል።

ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ መጀመሪያ ለዩ። ብዙ ሰው መለየት ማለት በሽታው እንዳይዛመት ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ቁጥር ነው እላለሁ። የማይተላለፍ ሕመም እንኳ ቢሆን ድመቷ ብቻዋን ካልሆነች ምን እንደበላች፣ ምን ያህል እንደጠጣች፣ ሽንት መሽናቷን፣ ማን እንዳስመለሰ ማወቅ አይቻልም። ምንጣፍ ላይ ትውከት ታገኛላችሁ። የማን ነው? አራት ተጠርጣሪ አለ። የጋራ ሳህን፣ የጋራ የሽንት አሸዋ፣ የጋራ ውሃ እውነቱን አይነግራችሁም።

ቦታው ሰፊ መሆን የለበትም። እኛ ሰርቪስ ቤቱን ነው ያጸዳነው። ጓዳም፣ መታጠቢያ ቤትም ይሆናል። በሩ የሚዘጋና ነፋስ የማይገባው ይሁን እንጂ። ውስጡ ካርቶን አጋድማችሁ አሮጌ ጋቢ አንጥፉበት። የታመመች ድመት መደበቂያ ትፈልጋለች፤ ከነጭራሹ ካላገኘች አትበላም። አሸዋውና ምግቡ የተራራቁ ይሁኑ፤ እኛም ሽንት ቤት አጠገብ አንበላም።

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ አይቀልድም። ያልበላች ድመት ደግሞ ሰውነቷን ማሞቅ ያቅታታል። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልላችሁ ካርቶኑ አንድ ጥግ ላይ አድርጉ። አንድ ጥግ ብቻ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ሌላ ጥግ ይኑራት። ከሰል አታስገቡ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰውንም ይገድላል፤ የሚያስነጥሳትን ድመት ደግሞ የእጣንም ጭስ ይጎዳታል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲባል አየሩ ይሞቃል። እዚያ ብርዱ ሳይሆን ዝንቡ ነው የሚያስፈራው። ቁስል ወይም ተቅማጥ ያለባት ድመት ላይ ዝንብ እንቁላል ይጥላል፤ በአንድና በሁለት ቀን ትል ይሆናል። ቁስሉን ቢያንስ በቀን ሁለቴ እዩ።

ደብተሩ

አንድ የልጅ ደብተር ያዙ። የምትጽፉት አራት ነገር ነው፦ የበላችው፣ የሸናችው፣ ክብደቷና ትንፋሿ።

ምግብ ላይ ጨክኑ። ድመት እንደ ውሻ ጾማ ብዙ ቀን መቆየት አትችልም። ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ሰውነቷ ስቡን ወደ ጉበቷ ያግዘዋል። ጉበቱ የመጣለትን ስብ መጨረስ ያቅተውና ራሱ ይታመማል። ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል። የመጀመሪያው ሕመም ቀላል ሆኖ ይህኛው ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ «ሲርባት ትበላለች» የሚለው አባባል ለድመት አይሠራም። ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ይደወልላት። ለትንንሾቹ ይህም ረጅም ነው።

ለማስበላት ዋናው መንገድ አፍንጫዋ ነው። ድመት ያላሸተተችውን አትበላም። ምግቡን ለብ አድርጉት። ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮና መረቁ፣ ጉበት ትንሽ፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይሆናል። ከእኛ ወጥ ግን አይሆንም። ሰው የታመመችን ድመት ሲያባብል ከዶሮ ወጡ ሥጋ ፈልቀቅ ያደርግላታል፤ አዝኖላት ነው። ግን ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ሽሮ ውስጥ ቢፈጭም ያው ነው። ወተትም መፍትሔ አይደለም። አብዛኛው ያደገ ድመት ወተቱን መፍጨት ስለማይችል ተቅማጥ ይጨምርበታል።

እዚህ ላይ አንድ የደሴ ነገር ላንሳ። ድመት ከሥጋ ውጭ መኖር አትችልም፤ ሰውነቷ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ ራሱ አይሠራውም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው። ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ይዘጋል። ሌላ ከተማ ቢሆን ያስጨንቃል። እኛ ጋ ግን የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው። የጾም ወር ዳልቻን ያተረፈው ያ ነው። ድመት የማን ባርኮት እንደሆነ አትጠይቅም።

ውሃ ላይ፦ ድመት በቀን የሚያስፈልጋት፣ ምግቧ ውስጥ ያለው ተደምሮ፣ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለ4 ኪሎ ድመት 200 ሚሊ፣ ሦስት የቡና ሲኒ እንደማለት። ጠዋት ለክታችሁ ቅዱ፣ ማታ የቀረውን ለኩ። ድንገት እጥፍ መጠጣት ከጀመረች ይህ ራሱ ምልክት ነው። ሽንቱን ደግሞ አሸዋው ይነግራችኋል፤ እርጥቡ ይጓጉላል፣ እብጠቱን ቁጠሩት።

ትንፋሽ የሚቆጠረው ተኝታ ሳለ ነው። ጎኗ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ተኝታ ከ30 በላይ በተደጋጋሚ ካገኛችሁ ሳንባዋ ወይም ልቧ ችግር ሊኖርበት ይችላል።

ክብደቱን በተመለከተ የሰው ሚዛን ያለው ሰው ድመቷን አቅፎ ይመዘንና የራሱን ይቀንሳል። የኛ ቤት ሚዛን ስለሌለ ዳልቻን በዘንቢል ይዤ ሰፈር ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን በጨርቅ ጠረገና ዘንቢሉን ተቀበለኝ። ጋቢው ውስጥ ሁለት ዓይን ሲያይ «በኪሎ ስንት አልሽ?» አለኝ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ዘንቢሉን ለብቻው መዘንን፣ ቀነስን። 3 ኪሎ ከ100። የዛሬ ዓመት ሐኪም ጋ ሲመዘን 4 ኪሎ ከ300 ነበር። ሳቁ ጠፋብኝ። አንድ ኪሎ ከ200 ለኛ ምንም ነው፤ ለሱ ግን ከሰውነቱ ሩብ በላይ ነው። ከአሥር አንዱ እንኳ ሲቀንስ ሐኪም ያሻል።

እስኪነጋ የማይጠበቁ

ደብተሩ የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች አትጠብቁ። ድዷ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ አትጠብቁ። የኋላ እግሮቿ ድንገት ሽባ ሆነው ከቀዘቀዙና ከጮኸች የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ምንም ካልወጣው ደግሞ ብዙ ሰው «ደርቆበት ነው» ይልና ዘይት ያጠጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ አይደለም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ነው። ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለስና ደሙ ይመረዛል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይሞታል። በጊዜ ከተደረሰለት ግን ይድናል። ብዙ ድመት ባለበት ቤት ይህንን ማጣት ቀላል ነው፤ አሸዋው ላይ የሌሎቹ ሽንት ስላለ ሁሉም የሸና ይመስላል። ያው የጋራው ነገር ነው።

የአይጥ መርዝም አለ። ድመቷ ራሷ መርዙን ባትበላ መርዙን የበላ አይጥ ትበላለች። ማሸጊያው ከተገኘ ይዛችሁት ሂዱ፤ ማከሚያው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል።

ሐኪም ጋ

ወሎ የከብትና የበግ አገር ነው። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ቀናቸው የሚያልፈው ላም በማዋለድና በግ በመከተብ ነው። በዚህ መማረር አይገባም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ኮምቦልቻ ላይም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ባለሙያ በአካባቢያችን አለ። ግን ሳትደውሉ አትሂዱ። «ድመት ናት፣ ዕድሜዋ ይህን ያህል ነው፣ ደም መመርመር ትችላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያ ቀን እኔ ሳልደውል ሄጄ አንድ ቦታ ሰው የለም፣ ሌላ ቦታ መርፌው ለበሬ የሚሆን ነው ተብዬ በባጃጅ ስንከራተት ዋልኩ። ዳልቻ ዘንቢሉ ውስጥ ሸናበት።

ሲገኝ ግን ደብተሩ ሥራውን ሠራ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለኝ የአምስት ቀን ቁጥር አሳየሁት። ውሃ በጣም ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ትንሽ ይበላል፣ ከስቷል። ደም ተወሰደ። ኩላሊት ነው።

ኩላሊትን እንደ ጠላ ማጥለያ አስቡት። ቆሻሻውን ያስወጣል፣ የሚያስፈልገውን ያስቀራል። ያረጀ ድመት ኩላሊት ቀዳዳው በየዓመቱ ይደፈናል፤ አንዴ የተደፈነ አይከፈትም። የሚገርመው ሰውነቱ ይህን ለረጅም ጊዜ መሸፈኑ ነው። ከሦስት ሁለት እጁ እስኪጠፋ ሽንቱ አይቀጥንም። በደም ምርመራ የሚታየው ክሬቲኒን የሚባለው ነገር ከፍ የሚለው ደግሞ ከአራት ሦስት እጁ ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ «ትናንት ደህና ነበር» ስንል ትናንትም ደህና አልነበረም።

በሽታው አይድንም፤ ግን ይያዛል። ድርቀቱ ከተስተካከለ፣ ማቅለሽለሹ ከታገሠና ከበላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይኖራል። ለኩላሊት የተዘጋጀ ምግብ ፎስፈረሱ ያነሰ ነው፤ እኛ ሰፈር ሱቅ ግን አይገኝም። አጥንትና የአጥንት መረቅ መቀነስ፣ ጨው አለመጨመር፣ ምግቡን በውሃ ማቅጠን ይቻላል። ሐኪሙ ያለኝ አንድ ነገር አልረሳውም፦ የማይበላው ምርጥ ምግብ ከሚበላው ተራ ምግብ አይበልጥም። ፈሳሹን ከቆዳው ስር በመርፌ መስጠት አስተማረኝ። ትከሻው ላይ ያለውን ልል ቆዳ እንደ ድንኳን ከፍ ማድረግ፣ መርፌውን ከስሩ ማስገባት፣ ለብ ያለውን ሪንገር የሚባል ፈሳሽ ማንጠብጠብ። ትከሻው ላይ እብጠት ይወጣል፣ እስከ ማግስቱ ይጠፋል። ይህንን ሐኪም ሳያሳያችሁና መጠኑን ሳይነግራችሁ አትሞክሩ። ልቡ ደካማ የሆነን ድመት ፈሳሽ ይገድለዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው መድኃኒት። ዳልቻ የታመመ ሰሞን ቡና ላይ ያልተነገረኝ የለም። «አብሽሪ፣ ግማሽ ፓናዶል በውሃ በጥብጠሽ ስጪው፣ እኔ ለልጄም የምሰጠው እሱን ነው» ያለችኝ ጎረቤቴ በፍቅር ነው። ፓናዶል ማለት ፓራሲታሞል ነው፤ ለድመት ደግሞ መርዝ ነው። የኛ ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ ድመት ላይ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ ወደ መርዝነት ይቀየርና ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል። አንድ የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ድመት ለመግደል ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ኩላሊቷን ይጨርሱታል። የተረፈ አንቲባዮቲክም እንዲሁ በግምት አይሰጥም። ሐኪም ያዘዘውን እንክብል ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ በሲሪንጅ ትንሽ ውሃ በጉንጯ በኩል አስከትሉ፤ ዶክሲሳይክሊንን የመሰለ መድኃኒት ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያቆስላታል።

ለሌሎቹ ይተርፋል?

የኩላሊት፣ የልብ፣ የስኳርና የካንሰር ሕመም አይተላለፍም። ዳልቻን የለየነው ለቁጥሩ ብቻ ነበር። የሚተላለፉት ግን መንገዳቸው የተለያየ ስለሆነ ጥንቃቄውም ይለያያል።

የድመት ጉንፋን የሚባለው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስና ካሊሲ የሚባሉ ቫይረሶች ናቸው። ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ አፍ ያቆስላል። ከሰው ጉንፋን ጋር አንድ አይደለም፤ ከኛ አልያዛቸውም፣ ወደኛም አይመጣም። በማስነጠስ ይተላለፋል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን የሚያመላልሰው የኛው እጅና ልብስ ነው። ሄርፒስ ውጭ ላይ አንድ ቀን ያህል ነው የሚቆየው፤ ካሊሲ ግን ሳምንታት ይቆያል። ከዳነች በኋላም ሄርፒሱ ሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ስትጨነቅ ይነሳል።

ከሁሉም የሚያስፈራው የድመት ፓርቮ ነው። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ከዚያ ፍጹም መድከም። ነጭ የደም ሕዋሷን ይጨርሰዋል። ያልተከተቡ ትንንሽ ድመቶችን በአንድና በሁለት ቀን ይጥላል። ቫይረሱ ወለልና ምንጣፍ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሳሙና አይገድለውም። በረኪና ግን ይገድለዋል። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና እጠቡ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ አይሠራም። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ይቆይበት፣ አለቅልቁት፣ ይድረቅ። ሽንት ላይ በቀጥታ አትድፉት፤ ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። በዴቶል አትተኩት። የኛ ቤት ሽታው ንጹሕ የሚሆነው በዴቶል ነው፤ ድመት ግን የረገጠችውን ትልሳለች፣ ዴቶል ደግሞ ይመርዛታል። በፓርቮ ድመት የሞተበት ቤት ያልተከተበ ትንሽ ድመት ቶሎ ማምጣት አይገባም። ልጆች ሲያለቅሱ «ሌላ እናመጣላችኋለን» ማለት ቀላል ነው። ያቺም ትሞታለች።

ሁለት ሌሎች ቀስ ብለው የሚገድሉ አሉ። አንዱ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ነው፤ በምራቅ ይተላለፋል፣ በመላላስና አንድ ሳህን በመጋራት። ሌላው ሰው የድመት ኤድስ የሚለው ነው፤ ዋናው መንገዱ ጥልቅ ንክሻ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚይዘው ሌሊት ጣራ ላይ የሚደባደቡ ያልተኮላሹ ወንዶችን ነው። የማይደባደቡ ድመቶች ከተያዘው ጋር አብረው መኖር ይችላሉ። የሉኪሚያው ግን በምርመራ ከታወቀ ለዘለቄታው መለየት ይሻላል። ሁለቱም ወደ ሰው አይመጡም።

የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ደንቡ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ መጨረሻ የታመመውን። አብሉ፣ አጽዱ፣ ከዚያ ወደ ሰርቪሱ ግቡ። እዚያ በር ላይ አንድ ሽርጥ ሰቅያለሁ፤ ስገባ እለብሰዋለሁ፣ ስወጣ እዚያው እተወዋለሁ። ጫማም እንዲሁ። ሳህኑም፣ አሸዋ ማውጫውም የራሱ ነው። እጅ በሳሙና። ክትባቱ ደግሞ የሚሠራው ከመታመም በፊት ነው። ትንንሾቹ ከሁለት ወራቸው ጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደጋገምላቸዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ከሦስት ወር በኋላ ይከተላል።

ስለ ሰዎቹም ጥቂት። እርጉዝ ሴት አሸዋውን አታጽዳ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ሰው ላይ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው በየቀኑ ካጸዳው አደጋው በጣም ይቀንሳል። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ጭርትም ከድመት ወደ ልጆች ይመጣል። ሰላማዊ የነበረች ድመት ድንገት ድምጿ ከተቀየረ፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ ያገኘችውን ከነከሰች ግን አፏን ከፍቼ ልይ አትበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ጠበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ በክትባቱ ቦታ አይሁን።

ሲመለስ

ማንም ያልነገረኝ ይህንን ነው። ዳልቻ አሥር ቀን ተለይቶ ትንሽ ሲጠነክር በሩን ከፈትኩለት። ሻሼ፣ አብራው ያደገችው፣ ጀርባዋን ቆልምማ ፉ አለችበት። ቡሬ ደግሞ አሳዳ ምድጃ ስር ከተተችው። እኔ አለቀስኩ። እነሱ ግን ክፋት አልነበራቸውም። ድመት ወዳጇን የምታውቀው በጠረኑ ነው፤ እሱ ደግሞ መድኃኒትና በረኪና ይሸታል። ለነሱ የዳልቻን መልክ የለበሰ እንግዳ ነው።

መልሰን ዘጋንና እንደ አዲስ ጀመርን። ሻሼ የምትተኛበትን ጨርቅ ለሱ፣ የሱን ለነሱ። ከበሩ ወዲህና ወዲያ ማዶ ለማዶ ማብላት። ሦስተኛው ቀን ላይ በሩን በስንጥቅ። ሳምንት ሳይሞላ ሻሼ ግንባሩን ላሰችው። ቡሬ እስካሁን ታኮርፈዋለች፤ ድርሻዋ ስለተቀነሰ ይመስለኛል።

አሁን የጋራ ትሪ የለንም። አራት ሳህን፣ አራት ቦታ። አሸዋውም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይበልጣል፤ ሐኪሞች የሚሉት እንደዚያ ነው። ግቢያችን በላስቲክ ሳፋ ሞልቷል፤ አባቴ «ልብስ ማጠቢያ ከፈታችሁ እንዴ?» ይላሉ።

የማይመለስበት ጊዜም ይመጣል። ስለዚህ ነገር እኛ ጋ በግልጽ አይወራም። ስቃዩ በመድኃኒት የማይታገሥ ሲሆን ሐኪም በመርፌ እንዲያርፍ ሊያደርግ ይችላል። ሃይማኖቱ የሚከለክለው የሚመስለው ሰው አለ፤ አልጫነውም። ለመወሰን ግን ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ይረዳል። በልቶ፣ ራሱን ልሶ፣ ፀሐይ ፍለጋ በራሱ እግር የወጣበትን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ፤ ያልሆነበትን በቀይ። ቀዩ ሲበዛ ዓይን ራሱ ያየዋል። የኛ ቤት ጥር ወር አራት ቀይ ነበረው፤ የካቲት ሁለት።

ትናንት እንደ ልማዳችን ዘንቢሉን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየኝ ስኳሩን አነሳና ሚዛኑን ጠረገ። «ስንት ገባ?» አሉ ዳቦ ሊገዙ የመጡ እናት። 3 ኪሎ ከ450። «ያው ነው እንዴ?» አሉ። «አይ፣ 50 ግራም ጨምሯል» አላቸው ባለሱቁ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት።